ጭራውን አሳየኝ

ዕቃ ገዝቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አለ። ከመግዛቱ በፊት ዕቃውን እንደ ሌባ አቁሞ የሚጠይቅ ሰውም አለ። ሁለተኛው ዓይነት የሌለበት ቤተሰብ የለም። "እኛ ቤት የለም" የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉት፤ ጓዳ ገብቶ የአልጋውን እግር እያንኳኳ ይሆናል።

እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ፣ ናሕሊኤል ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አያ ያየህ ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም የለም። ሐብሐብ ሲገዙ እንደ ሌላው ሰው መታ መታ አድርገው አይተዉትም። ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ሻጩን "ና፣ አንተም ስማው" ይሉታል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁለት ጎልማሶች አንድ ሐብሐብ አቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያይ ጸሎት ይመስለዋል። ጫማ ሲገዙ አጥፈው፣ ጠምዝዘው፣ አሽትተው፣ የክሩን መጨረሻ ፍለጋ እስከ ክርናቸው ውስጥ ይገባሉ። አንዴ ለወረቀት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጠርተው፣ ጸሐፊዋ "ተቀመጥ" ብትላቸው ወንበሩን ገልብጠው አራቱንም እግሩን ወዘወዙና፣ "ይሄ ሰው አይሸከምም" ብለው ቆመው ፈረሙ። ጸሐፊዋም ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች ይባላል።

ጎረቤታቸው ሪቅቃ አዲስ የብረት በር አስገጠመች። አያ ያየህ በጥፍራቸው ቋ አደረጉት፣ ጆሯቸውን ሰጡት፣ "ማጠፊያው ደካማ ነው፤ ፋሲካ ሳያልፍ ያዘነብላል" አሉ። ፋሲካ አለፈ፣ በሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሪቅቃ ደስ ብሏት፣ "እህሳ፣ ያየህ? ፋሲካ አለፈ እኮ!" ብትላቸው፣ "የዘንድሮውን ነው ያልኩት እንዴ?" አሏት። በዓመቱ አዘነበለ። ከዚያ ወዲህ ሪቅቃ አዲስ ዕቃ ስትገዛ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው ደረጃውን የምትወጣው።

"ተዉት፣ ራሱ ይናገር" ይላሉ ሁሌም። ዕቃውን ማለታቸው ነው። ዕቃው ሲናገር እሳቸው ብቻ ናቸው የሚሰሙት።

ይህን ሁሉ ምርመራ ከጎናቸው ቆማ የምታስተረጉመው ልጃቸው ሊራን ናት። ከጎንደር ስትወጣ ጤናዬ ነበረች፤ እዚህ አንደኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ ሊራን አለቻትና በዚያው ቀረ። እናትና አባቷ አሁንም ጤናዬ ነው የሚሏት። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ አፍ እሷ ናት። ደብዳቤ ሲመጣ የምታነበው እሷ፣ ባንክ የምትሄደው እሷ፣ ሐኪሙ "አባትሽን የት ነው የሚያመው?" ሲል የምትመልሰው እሷ። አንዳንዴ ሳትጠይቃቸው "እዚህ ጋ" ትለዋለች፣ አባቷም እዚያ ጋ ያማቸዋል።

ሊራን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ከሠራዊት ስትወጣ በረሃ ውስጥ የአስጎብኚዎች ኮርስ ገባች፤ እሁድ ጠዋት ነው መነሻው። ማክሰኞ ዕለት የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝር መጣላት። ውሃ መያዣ፣ የመኝታ ከረጢት፣ ኮፍያ፤ ከታች ደግሞ፦ ቢላ፣ የማይታጠፍ፣ ጠንካራ፣ ውድ ያልሆነ። ያን ጊዜ ነው የተሳሳተችው። ወጥ እየበሉ ሳለ ቀና ብላ፣

"አባ፣ ቢላ ልገዛ ነው። ጥሩ ቢላ እንዴት ነው የሚታወቀው?" አለች።

እናቷ ዘርፈሽ እጇን ጉንጯ ላይ ጣል አደረገች። "ምነው ልጄ! እሁድ አይደል የምትሄጂው? እሱን ትጠይቂያለሽ? አንዲት ብረት ድስት ስንገዛ ክረምት ገብቶ ወጣ እኮ!"

አያ ያየህ አልሰሟትም። እጃቸውን ታጥበው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ነጩን የሰንበት ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፈውታል። በማክሰኞ።

"አባ፣ ሱቁ ዛሬ ተዘግቷል። ነገ ነው የምንሄደው" አለች ሊራን።

"አውቃለሁ" አሉና ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ።

ሊራን የሸሚዙን ቁልፍ እያየች ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአባቷ ስንት ነገር ነግራቸዋለች፦ እዚህ ፈርም፣ እዚያ ተቀመጥ፣ ይሄን ዋጥ። ጠይቃቸው ግን አታውቅም። ይሄ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ቢላው የሳቸው ምርጫ ካልሆነ ጥያቄውም እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። በዚያ ላይ እሁድ ባዶ እጇን መሄድ አትችልም።

ሮብ ዕለት መሀል ከተማ ገቡ። ዮራም ከገበያው ጀርባ ሚስማርና ቀለም፣ ቧንቧና የዛፍ መግረዣ ይሸጣል፤ ቢላዎቹ መስታወት ስር ናቸው። አያ ያየህን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ያውቃቸዋል። አምና አንድ የውሃ ጎማ ሊገዙ መጥተው ሙሉውን ጥቅልል መንገድ ላይ አስዘርግተውት ነበር።

"ለልጅቷ ነው? ለበረሃ?" አለ፣ ሊራንን እያየ። በዕብራይስጥ ነው የሚናገረው፣ እሷ ታስተረጉማለች። "እንግዲህ ይሄ ነው! ወጣቱ ሁሉ ይሄን ነው የሚገዛው!"

ጥቁር ነው። ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ ተገጥሞለታል። እውነቱን ለመናገር ሊራን ልቧ ሄደ። አያ ያየህ ተቀበሉት፣ ኮምፓሱን ጠመዘዙት፣ ተከፈተ። እጀታው ባዶ ቱቦ ነው። ከውስጡ ክር አወጡ፣ መንጠቆ አወጡ፣ ክብሪት አወጡ፣ የቁስል ፕላስተር አወጡ፤ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት።

"ይሄ ቢላ ነው ወይስ ሱቅ?" አሉ። "ጭራውስ?"

"የምን ጭራ አባ?"

"ስለቱ አንገቱ ላይ ያልቃል እንዴ? ብረቱ እጀታው ውስጥ ገብቶ እስከ ታች መውረድ አለበት። ያ ነው ጭራው። ጭራ የሌለው ቢላ ሥር የሌለው ጥርስ ነው። ጭራውን አሳየኝ በይው።"

"ዮራም፣ አባቴ... ዛናቩን ማየት ይፈልጋል።"

"ዛናቭ? ጭራ? ቢላ ነው ድመት ነው የመጣችሁት ልትገዙ? ለአባትሽ ንገሪው፦ ሠላሳ ዓመት ስሸጥ ጭራ የጠየቀኝ ሰው የለም። ወይ ይግዛ ወይ ወደ ቤቱ ይሂድ!"

"በጣም ያከብርሃል፤ ትንሽ ቸኩያለሁ ይላል" ብላ ተረጎመች ሊራን።

"እግዜር ያክብረው። ልምታው በይው።"

"ይምታው! ዕድሜ ልክ ዋስትና አለው!" አለ ዮራም።

አያ ያየህ አጠገባቸው የነበረውን የእንጨት ሳጥን ጠርዝ በቢላው መቱ። ያን ያህል አልበረቱበትም፤ ትንኝ እንደሚመታ ሰው ነው የመቱት። ስለቱ ከእጀታው ወጥቶ በረረና የነጭ ቀለም ባልዲ ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። አያ ያየህ እጃቸው ላይ የቀረችውን ኮምፓስ አዩ።

"ወደ ሰሜን ነው የሄደው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ዮራም እልህ ያዘው። ያለውን ሁሉ አወጣ። የሚታጠፈውን፣ ከዝርዝሩ ውጭ ቢሆንም፣ ከፍተው ዘጉትና "ይሄ ጉልበት አለው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ሲከብደው ይንበረከካል" አሉ። የሚያብረቀርቀውን ሲሰጣቸው፣ "ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"ፋብሪካ። ጀርመን አገር።"

"ፋብሪካው የማን ልጅ ነው?"

ይህቺን ሊራን አልተረጎመችም።

በመጨረሻ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከመግረዣዎቹ ሳጥን ስር አንድ አስቀያሚ ቢላ ጎትተው አወጡ። ቀይ የፕላስቲክ እጀታው ተሰንጥቋል፤ ስለቱ ላይ ዝገት እንደ ጠቃጠቆ ወጥቶበታል። ዮራም ራሱ አፈረበት። "እሱ የፓርዴስ፣ የብርቱካን እርሻ ሠራተኞች የሚገዙት ነው። ዘይት ካልቀባችሁት ይዝጋል፣ ለዚያ ነው የረከሰው።"

"ደግ። የሚዝገው ነው ስለት የሚቀበል" አሉ አያ ያየህ። "ሲደክምባት በረሃ ውስጥ ያገኘችው ድንጋይ ላይ ትስለዋለች። ያ የሚያብረቀርቀው እንቢ ይላታል።" አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጀርባው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጠሩበት፤ ቀጥ ያለ ነው። ጀርባውን በጣታቸው ለኩት፤ ወፍራም ነው። ስለቱ የመዳፍ ያህል ነው፣ አይረዝምም አያጥርም። ከዚያ በጥፍራቸው ቋ አደረጉትና ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

ቆዩ። ሊራን አባቷን ዝም ብለው አይታቸው አታውቅም፤ ሁሌ ፍርድ ይከተላል። አሁን ግን ዓይናቸው ዮራም ግድግዳ ላይ ያለውን የጎማ ጥቅልል አልፎ ሌላ ቦታ ሄደ። ቀስ ብለው ቢላውን መልሰው አስቀመጡት።

"እንሂድ" አሉ።

"እንዴ! መጥፎ ነው?"

"ደህና ነው። እንሂድ።"

ሐሙስም ተመልሰው ሄዱ። ያንኑ ቢላ አንስተው፣ አዳምጠው፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ባልዲ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ደንበኛ ይመጣል፣ ደንበኛ ይሄዳል፣ እሳቸው አሉ። አንዲት ሴትዮ ሻጩ መስለዋት የሚስማር ዋጋ ጠየቀቻቸው። ዮራም በመጨረሻ ሊራንን ጠጋ ብሎ፣ "ስሚ፣ ሊገዛው ነው ወይስ ሊያገባው?" አላት። አያ ያየህ ተነሱ፣ ቢላውን አስቀመጡ፣ "እንሂድ" አሉ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ ሊራን ዕብራይስጥና አማርኛ እየደባለቀች ፈነዳች።

"ዲ አባ! ኒምአስ ሊ! ሰለቸኝ፣ በቃኝ! ነገ ዓርብ ነው፣ ሱቁ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ እሁድ ጠዋት እኔ የለሁም! ደህና ነው ትላለህ፣ አትገዛም! ምን ትፈልጋለህ? ምን እስኪልህ ነው የምትጠብቀው?"

አያ ያየህ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሚገርመው፣ አግዳሚውን ሳያንኳኩ ነው የተቀመጡት።

"እኔ ቢላ ገዝቼ አላውቅም" አሉ።

"እንዴት አታውቅም?"

"እኛ ቤት ቢላ አይገዛም፣ ይሠራል። አያትሽ ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያርሰው፣ የሚያጭደው፣ የሚያርደው በእኛ ብረት ነው። ሊገዙ ሲመጡ ግን ከአጥር ውጭ ይቆማሉ፤ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል እያሉ። እነሱ እህሉን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛ ቢላውን መሬት ላይ እናስቀምጣለን፣ አንስተው ይሄዳሉ። ቤት ግቡ ብንላቸው አይገቡም።" መዳፋቸውን ዘረጉ። "ከራሳችን ቤት ለሚወጣ ልጅ ግን፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ አባትየው ቢላ ሠርቶ በእጁ ያስይዘዋል። መሬት ላይ አያስቀምጥለትም፤ በእጁ ነው የሚያስይዘው። አሁን አንቺ ከቤት ልትወጪ ነው። የዮራምን ዕቃ ላስይዝሽ?"

"ታዲያ ለምን አትሠራልኝም?"

አያ ያየህ ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። "መዶሻው የታላቅ ነው። ወንድሜ ባዬ ይመታል፣ እኔ ወናፍ እነፋለሁ። ሃያ ዓመት ነፋሁ። ብረቱ ሲጮህ የትኛው ጤነኛ የትኛው በሽተኛ እንደሆነ ከድምፁ አውቃለሁ። መምታቱን ግን... ባዬ ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ላይ ቀረ፤ እጁንም ይዞት ሄደ። እኔ የሰማሁ ነኝ ጤናዬ፣ የመታሁ አይደለሁም።"

አውቶቡሱ መጣ። ሊራን በመስኮቱ እያየች አንድ በአንድ ቆጠረች። የመሥሪያ ቤቱ ወንበር፣ የሪቅቃ በር፣ ሐብሐቡ፤ ለካስ ያ ሁሉ ማንኳኳት፣ ስታፍርበት የኖረችው ሁሉ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ወንድሙን የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁ ሲደርሱ ዮራም ውጭ ያሉትን ባልዲዎች ወደ ውስጥ እየጎተተ ነበር። ሊራን ማንንም ሳታማክር ቀዩን ቢላ አነሳች፣ ከፈለች፣ ለአባቷ ሰጠች።

"ስለቱን ፋብሪካው ይሥራው" አለች። "እጀታውን አንተ ሥራልኝ።"

አያ ያየህ ቢላውን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና አንዲት እንጨት አወጡ። የብርቱካን እንጨት ናት፣ ከሚሠሩበት ፓርዴስ፤ ከደረቀች ቆይታለች። ተልጋ፣ ተሸራርፋ፣ ለመዳፍ ተመችታ፣ መሀሏ በቀጭኑ ተበስቷል።

"መቼ ነው ይሄን የሠራኸው?"

"ማክሰኞ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ነው የምትዞረው? ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ!"

ዮራም ሰዓቱን አየ። ሊራን እንዲረዳቸው ፈለገች፤ ሁሉንም ነገረችው፣ አጥሩን፣ ወንድምየውን፣ ወናፉን። ዮራም ለጥቂት ጊዜ አንገቱን አከከ። ከዚያ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደው። "ሩብ ሰዓት" አለ። "ሚስቴ ትገድለኛለች፣ ግን ሩብ ሰዓት።" የብረት ማሰሪያውን፣ ሞርሳውን፣ ጠራርጎ ሰጣቸው፣ የጋዝ እሳቱንም ለኮሰላቸው።

ፕላስቲኩን ሰነጠቁት። ጭራው ወጣ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ የወረደ ረዥም ጭራ። አያ ያየህ ከፍ አድርገው ለዮራም አሳዩት። "ዛናቭ!" አሉ በዕብራይስጥ። ዮራም ባርኔጣ የለውም እንጂ ያነሳ ነበር።

"አሁን እሳት የሚያየው ጭራው ብቻ ነው" አሉ ለሊራን። "ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ። ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከወጣ ብረቱ ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ ቅቤም አይቆርጥም። ጨርቁ ከደረቀ ንገሪኝ።"

ሊራን ያዘች። ጭራው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀላ። አባቷ ጨርቁን ሳያስለቅቋት ስለቱን ወደ ታች አድርገው በሞርሳው አሰሩት፣ እንጨቷን አናቱ ላይ አደረጉ፤ እንጨቷ ጢስ ተፋች፣ ሱቁ የተቃጠለ ብርቱካን ሸተተ። ጭራው ግማሽ ድረስ በላና ቆመ። የቀረውን መዶሻ ነው የሚያስገባው። መዶሻው እጃቸው ላይ ነው። አነሱት። አየር ላይ ቀረ።

"አባ።"

መዶሻውን እንደ ሰው ንብረት ነው የያዙት፣ ባለቤቱ በበር የሚመጣ ይመስል።

"አባ፣ ጨርቁ እየደረቀብኝ ነው!"

አያ ያየህ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

"አባ፣ እጄ ተቃጠለ፣ ምታው!"

መቱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እንጨቷ እስከ ስለቱ አንገት ድረስ ወረደች፣ ጭራው በላይ በኩል ብቅ አለ። በመዶሻው ጫፉን ቆልምመው አሰሩት። ዮራም አንድ ጆግ ውሃ ደፋበት፣ ጨጨጨ አለ፣ በቃ አለቀ።

ዮራም ከት ብሎ የሳቀው እሱ ራሱ የሠራው ይመስል ነበር። "በል ያየህ! ያው ሳጥኑ! ምታው!"

የሀደራን በር፣ የሀደራን ወንበር፣ የሀደራን ሐብሐብ ሁሉ መትተው የፈተኑት ሰውዬ ቢላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

"አልመታውም" አሉ።

"ለምን?" አለች ሊራን።

"ቢሰበርስ?"

ሊራን እጇን ዘረጋች። አባቷ ቢላውን በእጇ አስያዟት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በግማሽ መዝጊያው ስር የሚያልፈውን የሰው እግር ማየት ጀመሩ። ሊራን እጇን አንስታ ባላት ጉልበት ሁሉ የሳጥኑን ጠርዝ መታችው። አንድ የእንጨት ፍላጭ ተፈንጥሮ የዮራምን ሆድ መታው።

"ያዘ?" አሉ አያ ያየህ ሳይዞሩ።

"ያዘ አባ።"

ለትንሽ ጊዜ ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚታያት፤ የነጩ ሸሚዝ ትከሻ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

"አንድ ጊዜ መምታት ምርመራ ነው እንዴ?" አሉ። "ድገሚው።"